ከሰረዙ በኋላ ያለው ቦታ

መሰላሌን የሚወድ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ የለም። ሌላ ቦታ ስሄድ "ጋሼ፣ ልያዝልህ" የሚለኝ አላጣም፤ እዚያ መሥሪያ ቤት ግን መሰላሉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስገባ ጥበቃዎቹ እንኳ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ያሳልፉኛል። የነካው ሰው ከሥራ ይባረራል ይላሉ። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ጫፉን ይዞልኝ አያውቅም። የተማሩ ናቸው እንግዲህ፤ ግማሾቹማ ባለ ሁለት ዲግሪ!

ጥፋቱ የእኔ አይደለም። እኔ ታፔላ ጻፊ ነኝ። እዚያ ያለኝ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ መግቢያው አዳራሽ ውስጥ የተሰቀለውን የሚኒስትሮች ሰሌዳ መጻፍ። አዲስ ሚኒስትር ሲሾም ስሙን፣ የተሾመበትን ዓመትና አንድ ሰረዝ በወርቅማ ቀለም እጽፋለሁ። ከሰረዙ በኋላ ለአራት አሃዝ የሚበቃ ባዶ ቦታ እተዋለሁ። ሰውየው ሲነሳ ተመልሼ ባዶውን እሞላለሁ። ስለዚህ እኔና መሰላሌ የምንታየው አንዱ ሲወርድና ሌላው ሲወጣ ብቻ ነው። ከኋላዬ "ሰረዝ መጣ" ይባባላሉ። የማልሰማ ይመስላቸዋል።

ሰሌዳውን የጀመረው ሥራውን ያስተማረኝ ሽማግሌ ነው። ያኔ ሥልጣኑ "የንግድና የእርሻ ሚኒስትር" ይባል ነበር፤ በኋላ "የፕላን ሚኒስትር" ሆነ፤ ከዚያ "የኢኮኖሚ ጉዳዮች ሚኒስትር"። ርእሱን እየፋቅን ሦስት ጊዜ ጽፈነዋል፤ በጎን በኩል ሆኖ ላየው ሰው የድሮዎቹ ፊደሎች ጠርዝ አሁንም ከሥር ይታያል። የመጀመሪያው ሚኒስትር አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጠ። አራተኛው አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ፤ የሹመቱ ቀለም በቅጡ ሳይደርቅ የስንብቱ ተጨመረበት። ስድስተኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌው ዓይኑ ደክሞ ብሩሹን ያስረከበኝ በዚያ ዓመት ነው።

ከብሩሹ ጋር አንድ ምስጢር አስረከበኝ። ተባርሮ ሳይሆን በገዛ እጁ ሥልጣኑን የለቀቀ ሚኒስትር ሲኖር፣ ከመጨረሻው ዓመት ቀጥሎ ሽማግሌው የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ ያስቀምጣል። አለቆቹ አያውቋትም፣ ማንም አላዘዘውም። በስልሳ ዓመት ውስጥ ያለችው ነጥብ አንዲት ናት፤ ሦስተኛው ሚኒስትር አጠገብ። ስምንተኛው "እኔ ነኝ የለቀቅሁት፣ ደብዳቤም ጽፌያለሁ" እያለ በየሄደበት ሲምል ኖረ። ደብዳቤው ግን ወጪ ቁጥር አልነበረውም። እዚያ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ክብ ማኅተም ያላገኘ ወረቀት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የስድስት ሰዓት ዜና "በሥራ ድክመት ተነስተዋል" አለ፤ አለቀ። የዚያ ዘመን ጥፋት ሁሉ በሰውየው ላይ ተላከከ። እኔም እንደ መሥሪያ ቤቱ ቁጥር ጠይቄ ነጥቧን ነፈግሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሥራ ሁለተኛዋ እህቴ ናት።

ይህን የሚያውቅ በሕንፃው ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። እናታችን አንድ ናት፤ አባቶቻችን ለየቅል ስለሆኑ የአባት ስማችን አይገጥምም። በአሥራ ሁለት ዓመት እበልጣታለሁ። አባቷ ጥሏቸው ሲሄድ በታፔላ ጽሕፈት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ይህን የምለው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። የተሾመች ሰሞን እናታችን ቤት ቁጭ ብለን ሳለ አንገቷን ደፋች።

"ወንድም ጋሼ፣ ሰሌዳው ከእኔ በፊትም የአንተ ሥራ ነው። ግን 'ለወንድሟ ሥራ ሰጠች' ማለታቸው አይቀርም። እዚያ ውስጥ ባንተዋወቅ ይሻላል።"

"እሺ፣ ምን ችግር አለው" አልኳት። ግን ሆድ ባሰኝ። ስሟን የጻፍኩ ዕለት ከሰዎቿ ጋር በሥሬ ስታልፍ ቀና ብላ "በርቱ" አለችኝ፣ ለማንኛውም ሠራተኛ እንደሚባለው።

ያን ዕለት በሥራ ዘመኔ ሠርቼው የማላውቅ ስህተት ሠራሁ። ሰረዙን ስጀምር ብሩሹ አልቆም አለኝ። ከደስታ ይሁን ከስጋት እኔም አላውቅም፤ ሳብኩት፣ ሳብኩት፣ እስከ ፍሬሙ ጠርዝ አደረስኩት። ለስንብቱ ዓመት ቦታ አልተውኩም። ሽማግሌው በሕይወት ቢኖር በብሩሽ እጀታ ጣቴን ይለኝ ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ደወለ።

"መሰላልህን ይዘህ ና። በጓሮ በር። ለማንም እንዳትናገር።"

"ምን ሊጻፍ ነው?"

"ስትመጣ ይነገርሃል አልኩህ እኮ!"

መሰላል ይዘህ ና ካለ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ወደ እህቴ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከመምሪያ ኃላፊዎቹ ጋር ትሰበሰባለች፤ ስልኮቹ ተዘግተው በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ነው የሚቀመጡት። እንድታውቅ የማይፈልጉ ሰዎች ቀኑን አውቀው ነው የመረጡት። ደሜ ፈላ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ወረቀት አልፈርምም ብላ ነበር። የመንግሥት የእህል መጋዘኖች ለአንድ ኩባንያ እንዲሸጡ የሚል ወረቀት ነው። አንድ ቀን "የኩባንያውን አድራሻ ሄጄ አየሁት፤ በሩ ላይ ታፔላ እንኳ የለውም" ብላኝ ነበር። ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። "ካባረሩኝ ጥፋቱን በእኔ ስም ጽፈው ነው የሚያባርሩኝ። እንዳሰቡ በጊዜ ካወቅሁ ግን ምክንያቱን ጽፌ ያስቀመጥኩትን ደብዳቤ ፈርሜ እለቃለሁ" ብላለች። ሳታውቅ ስድስት ሰዓት ከሞላ ማኅተሙ ከእጇ ይወጣል፣ እሷም እንደ ስምንተኛው ሚኒስትር ስትምል ትኖራለች።

አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ኃላፊው ሰሌዳው ፊት ለፊት ከጣሪያ እስከ ወለል ነጭ ሸራ አንጠልጥሎ ጠበቀኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ትእዛዝ ሲመጣ ግን ሰውነቱ የሚጠፋበት ዓይነት ሰው ነው። ከሸራው ጀርባ አስገባኝና ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ። የዘንድሮ ዓመት ተጽፎበታል።

"የእሷን ዝጋ። በስድስት ሰዓት ዜና ይነገራል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲሱ ይገባል። ሲገባ ደርቆ መጠበቅ አለበት።"

"እሳቸው ያውቃሉ?"

"የአንተ ሥራ መጻፍ ነው። ስልክህን ወዲህ በል።"

ስልኬን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። መሰላሉን ወጣሁ። የእህቴ ስም ዓይኔ ፊት ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል አውቀዋለሁ፣ የመጀመሪያውን ፊደል እግር ትንሽ አርዝሜው ነበር፤ ስትፈርም እንደዚያ ስለምታደርግ።

"ለምን አትጀምርም?" አለ ከታች።

"ቦታ የለም።"

"ምን ማለት ነው ቦታ የለም?"

"ሰረዙ ፍሬሙ ድረስ ሄዷል። ይኸው ራስህ እየው።"

አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። "ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሰክረህ ነበር?" አለኝ።

"መፋቅ አለበት። በብርጭቆ ወረቀት ልፋቀው፣ ከዚያ መደቡን ልቀባ፣ እሱ ሲደርቅ..."

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"እንደ ቀለሙ ነው።"

ሰዓቱን አየና ላቡን ጠረገ። እኔ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት የምፈልግ መስዬ ቦርሳዬን እበረብራለሁ። የቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ጊዜ እየገዛሁ ነው፤ ግን የምገዛው ለምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እህቴ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ሸራ ውስጥ። እንዲህ አምስት ሰዓት አለፈ። ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ።

"አለቃ፣ በሩ ላይ ያለው ስምስ?"

"የቱ በር?"

"የቢሮዋ በር፣ ከላይ ያለው ታፔላ። አዲሱ ሚኒስትር የእሷን ስም እያነበበ ሊገባ ነው?"

አላሰበበትም ነበር። ግንባሩን መታ። "በል ቶሎ ንቀለው! በጓሮ ደረጃ ውጣ።"

"በጓሮ ደረጃ መሰላሉ አይዞርም፤ መታጠፊያው ጠባብ ነው።" ይህን ስል እውነቴን ነበር።

"ያለ መሰላል አይሆንም?"

"ክንፍ የለኝማ!"

ሸራውን ትቶ እንዳይከተለኝ ሰው ገልጦ ያየዋል ብሎ ይፈራል። ደግሞም አበባ የሚያመጡት የፕሮቶኮል ሰዎች መድረሻ ሰዓታቸው ነበር። "አሥር ደቂቃ! ከማንም ጋር አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!" አለኝ።

"አልተነፍስም" አልኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

በዋናው ደረጃ ወጣሁ። አንደኛ ፎቅ ላይ ሻይ የያዘ ሰውዬ አየኝና ሻዩን እንደያዘ ወደ መጣበት ተመለሰ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን አቋርጠው በር ዘጉ። ሦስተኛ ላይ አንዱ "ሰረዝ!" ሲል በግልጽ ሰማሁት፣ ከዚያ ወንበሮች ሲንቋቋ። ሌላ ቀን ቢሆን እናደድ ነበር። ያን ቀን ግን ፍርሃታቸው መንገድ ጠረገልኝ፤ የት ትሄዳለህ ብሎ ያስቆመኝ አንድም ሰው የለም።

የስብሰባው አዳራሽ ከቢሮዋ በር ጎን ነው፣ ግድግዳው መስታወት። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ እኔን ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መሰላሉን ልክ መስታወቱ ፊት ለፊት አቆምኩና ወጣሁ። ዓይኔን ወደ በሩ ታፔላ አድርጌ በጎን አያታለሁ። ጠረጴዛው ራስ ላይ ቆማ ትናገራለች። ዓይኗን ወደ መስታወቱ መለሰች።

አየችኝ።

ንግግሯ ተቋረጠ። ብርጭቆዋን አነሳች፣ ውኃ ጠጣች፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከዚያ ንግግሯን ቀጠለች! እንዲያውም አንድ ወረቀት አንስታ ታነብላቸው ጀመር። አልገባትም ማለት ነው? የመጀመሪያውን ብሎን ፈታሁ። ሁለተኛውን ፈታሁ። ብሎኖቹ አራት ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ላይ እጄ ላብ በላብ ሆኖ መፍቻው አመለጠኝና መሬት ላይ ተንቃጨለ፤ ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እህቴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አሥር ደቂቃ እንረፍ" ስትል ከንፈሯን አነበብኩ።

ወጣች። ጠባቂው አጠገባችን ነው። መፍቻውን ከመሬት አነሳችና ሽቅብ አቀበለችኝ።

"ሰላም ዋሉ? ምን እየሠሩ ነው?" አለችኝ በሚኒስትር ድምፅ።

"ሰላም ዋሉ፣ ክብርት ሚኒስትር። ታፔላውን ልነቅል ነው። ታች ደግሞ የሰሌዳውን ዓመት ሙላ ተብያለሁ። ከስድስት ሰዓት በፊት።"

ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። አንገቷ ላይ ያለችው ደም ሥር ብቻ ትመታለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈራ እንደዚያ ናት።

"ነጥብም አለው?" አለች፤ ምስጢሩን ከእኔ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

"እሱ በእርስዎ እጅ ነው።"

ጠባቂው አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። ሰዓቷን አየች፤ አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት። "በርቱ" አለችኝና ቢሮዋ ገባች። በሩ ከውስጥ ሲቆለፍ ሰማሁ።

ታፔላውን ይዤ ወረድኩ። ኃላፊው "ከማን ጋር አወራህ?" አለኝ። "ሰላም አሉኝ፣ ሰላም አልኩ" አልኩት። ሕንፃው በሙሉ ሰምቶ በየደረጃው ሲንሾካሾክ እሱ ሸራ ውስጥ ስለሆነ አልሰማም። መሰላሉን ሰሌዳው ላይ አስደግፌ ብርጭቆ ወረቀቱን አነሳሁ። ሰረዙን አንዴ አሸት ስለው እጄ አልታዘዝ አለኝ። ደስታዬን ልፍቀው ነው እንዴ? ወረቀቱን ጣልኩት።

"ፍሬሙ ላይ እጽፈዋለሁ" አልኩ።

"ፍሬሙ ላይ? ሥርዓት የለውም!"

"ታዲያ ራስህ ና ጻፈው።"

ቀለሙን በጠበጥኩና በጠባቡ ብሩሽ የመጀመሪያውን አሃዝ ጀመርኩ። እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ስድስት ደቂቃ ላንድ አሃዝ። ጆሮዬ ደረጃው ላይ ነው። ለስድስት አሥር ጉዳይ ሲሆን ሦስተኛውን ጨረስኩ። ከላይ የሚሰማ የለም። ብሩሹን ስነክር ቀለሙ እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ። አልደረሰችም፣ ይዘዋታል፣ በሩን ሰብረው ገብተዋል እያልኩ በሐሳቤ ሁሉን ነገር አየሁ።

ጫማ ሲንቋቋ ሰማሁ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ስትመዘግብ የኖረች፣ ለሚኒስትርም ለተላላኪም ድምፅዋን የማትቀይር ሴት። ትልቁን መዝገብ ታቅፋ ከውጭ በር እየተመለሰች ነው።

"የት ነበርሽ?" አላት ኃላፊው ሸራውን ገልጦ።

"ሞተረኛውን ሸኝቼ። የክብርት ሚኒስትርን የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዞ ወጣ።"

"የምን መልቀቂያ?"

"ሦስት ገጽ ናት፣ ስለ መጋዘኖቹ። ግልባጭ ስድስት ቦታ፤ ለምክር ቤቱ፣ ለዋናው ኦዲተር፣ ለጋዜጦቹም።"

"አስመልሺው! አሁኑኑ ደውይ!"

እትዬ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። "ወጪ ቁጥር ተሰጥቶታል እኮ። አምስት ሰዓት ከአርባ ሦስት። ቁጥር የወጣለትን ደብዳቤ ለማስመለስ የማስመለሻ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በሚኒስትር ፊርማ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ሞተሩን ይይዝ ነበር። ኃላፊው ግን ዕድሜውን የፈጀው በዚያ መሥሪያ ቤት ነው፤ ቁጥር የወጣለትን ደብዳቤ በእግሩ መከተል አያውቅበትም። የማስመለሻውን ፊርማ ከማን ማግኘት እንዳለበት ሲያስብ ቆመ። የዓመቱን የመጨረሻ አሃዝ ያኔ ጨረስኩት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዜናውን ሰማ። ዝናብ አሉ፣ የመንገድ ምረቃ አሉ፣ ኳስ አሉ። የእህቴን ስም አላነሱም። የጻፉት ዜና አላገለገለም፣ ሌላ ለመጻፍ ጊዜ አጡ መሰለኝ። ማታ ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር፤ የፈለጉትን ይበሉ፣ ቁጥሩ ቀድሟቸዋል።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። አሁን ገብቶታል። "አንተ ነህ! ለታፔላ ብለህ ወጥተህ... ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ እግርህን እንዳላይ!"

"እሺ" አልኩት። ሃያ ስምንት ዓመት አንድ "እሺ" ሆነ።

ያኔ ወረደች። አጃቢ የለም፣ መኪናዋንም ወስደውባታል። ትከሻዋ ላይ ቦርሳ፣ ሌላ ምንም። ሠራተኛው በየደረጃው ተደርድሮ ያያል። ቀጥታ መጥታ ሸራውን በእጇ ጎትታ ጣለችው። ሰሌዳውን ቀና ብላ አየች፤ ስሟን፣ ረጅሙን ሰረዝ፣ ፍሬሙ ላይ የወጣውን ዓመት። ብዙ ጊዜ አየችው። ፈገግ አለች፣ ዓይኗ ግን ሞልቷል።

"ቦታ አልተውክልኝም ነበር?" አለች።

"አልሆነልኝም" አልኳት።

ትንሿን ብሩሽ ነከርኩና ከዓመቱ ቀጥሎ ነጥቧን አስቀመጥኩ። ከመሰላሉ ወርጄ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ጥበቃዎቹ እንደ ልማዳቸው ግድግዳ ተለጥፈው መንገዱን ለቀቁ። መሰላሉን ለማንሳት ጎንበስ ስል ሌላው ጫፍ ብድግ አለ። እህቴ ናት፤ በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ ያልደረቀ ቀለም ቀሚሷን ነክቶታል።

"ክብርት ሚኒስትር፣ ኧረ እሱን አይንኩት!" አለ ኃላፊው፤ ከልቡ ደንግጦ ነው።

"ምን ያደርገኛል?" አለችው። ከዚያ እስከ አራተኛ ፎቅ በሚሰማ ድምፅ፣ "ወንድም ጋሼ፣ አንተ ከፊት ሂድ፣ እኔ ከኋላ ይዤልሃለሁ" አለችኝ።

በዋናው በር ወጣን።